አንድ አጻጻፍ፣ ሁለት ምንጭ፦ «ቫራ» የተባለው ቃል በጋሊሲኛ፣ በፖርቱጋልኛና በላትቪኛ

በቋንቋ ትምህርት ተማሪዎች ደጋግመው ከሚፈጽሟቸው ስሕተቶች አንዱ፣ መልካቸው የተመሳሰለ ቃላት ሁሉ ምንጫቸውም አንድ ነው ብሎ መደምደም ነው። ስሕተቱ በተማሪው ደብተር ላይ ቢቀር መምህሩ ያርመዋል፤ በመማሪያ መጽሐፍ የቃላት መፍቻ ውስጥ ከገባ ግን መጽሐፉ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ እንደ እውነት ሲጠና ይኖራል። ጉዳዩን በተጨባጭ ለማየት፣ በጋሊሲኛ፣ በፖርቱጋልኛና በላትቪኛ በተመሳሳይ አራት የላቲን ሆሄያት የሚጻፈውን «ቫራ» የተባለውን ቃል መመርመር ይጠቅማል።

ሀ. ቃሉ በጋሊሲኛና በፖርቱጋልኛ

በሰሜን ምዕራብ ስፔን የሚነገረው ጋሊሲኛና ፖርቱጋልኛ በመካከለኛው ዘመን አንድ ቋንቋ ነበሩ። ፖርቱጋል በ12ኛው መቶ ዓመት ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች በኋላ ቀስ በቀስ ተለያዩ። ስለዚህ «ቫራ» ለሁለቱ የጋራ ውርስ ነው። የጋሊሲኛ ተናጋሪዎች የመጀመሪያውን ድምፅ ወደ «በ» አቅርበው «ባራ» ይሉታል እንጂ አጻጻፉ አይለይም። ምንጩ በላቲን ባላ፣ ማለትም ጫፉ የተከፈለ እንጨት ማለት የነበረው «ዋራ» ነው።

ከዚህ መነሻ የቃሉ ትርጉም እየሰፋ ሄዷል። በመጀመሪያ ዘንግ ወይም በትር ማለት ነው፤ የጋሊሲያ ገበሬ የደረት ነት የተባለውን የዛፍ ፍሬ የሚያራግፍበት ረጅም ዘንግ በዚህ ስም ይጠራል። በፖርቱጋልኛ የምርኩዝ ዝላይ ስፖርትም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ሁለተኛ፣ ዘንጉ መለኪያ ስለሆነ ቃሉ የርዝመት መስፈሪያ ስም ሆነ። የፖርቱጋል ቫራ 1.10 ሜትር፣ የስፔኑ የካስቲያ ቫራ ግን 0.84 ሜትር ያህል ነበር፤ በመሆኑም 10 ቫራ ጨርቅ በአንደኛው 11 ሜትር፣ በሌላው ከ8 ሜትር ተኩል ያነሰ ነው።

ሦስተኛው ትርጉም ከዳኝነት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 የወጣው የፖርቱጋል የሕግ ስብስብ፣ ተራ ዳኞች ቀይ በትር፣ በንጉሡ ተሹመው ከሌላ ስፍራ የሚላኩ ዳኞች ደግሞ ነጭ በትር ይዘው እንዲንቀሳቀሱ ያዝዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ የምልክቱ ስም ለሥልጣኑ ተሰጠ። ዛሬም በብራዚል የአንድ ፍርድ ቤት ችሎት «ቫራ» ይባላል።

ለ. ቃሉ በላትቪኛ

በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በላትቪያ «ቫራ» ማለት ኃይል ወይም ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለተኛ አንቀጽ የአገሪቱ ሉዓላዊ ሥልጣን የሕዝቡ መሆኑን ሲደነግግ የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። ከዚህም ሌላ «ቫርሽ» የተባለው የመዳብ ስም አገናዛቢ ሲሆን «ቫራ» ይሆናል። ስለዚህ በላትቪኛ ብቻ እንኳ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት በአንድ መልክ ይገናኛሉ።

ሐ. የመሳሳቱ ምክንያትና ማጣሪያው

በአንድ ወገን የዳኛ በትርና ችሎት፣ በሌላው ወገን ሥልጣን ሲገኝ፣ የላትቪኛው ቃል ከላቲን የመጣ ነው ለማለት ያስቸኩላል። ነገር ግን ቃል የሚመረመረው በቅድሚያ በገዛ ቤተ ዘመዱ መካከል ነው። የላትቪኛው «ቫራ» «ቫሬት»፣ ማለትም መቻል ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ በትር የሚል ትርጉም በዙሪያው አይገኝም። የፖርቱጋልኛው ቃል ከእንጨት ተነሥቶ ወደ ሥልጣን ደረሰ፤ የላትቪኛው ከመቻል ተነሣ። መንገዳቸው ለየቅል ሆኖ ሳለ መድረሻቸው ተቀራረበ።

ይህ ማለት ግን ላቲንና ላትቪኛ ባዕድ ናቸው ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ከሕንድ አውሮፓ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው። ዝምድናቸው የሚታወቀው ግን በመመሳሰል ሳይሆን በሥርዓት ባለው የድምፅ ልዩነት ነው። መቶ በላቲን «ኬንቱም» በላትቪኛ «ሲምትስ»፣ ዐሥር «ዴኬም» እና «ዴስሚት»፣ ልብ ደግሞ «ኮር» እና «ሲርድስ» ናቸው። በላቲን «ከ» የሆነው በላትቪኛ «ሰ» ሆኖ በተከታታይ ይገኛል። እንግዲህ የማይመሳሰሉት ዘመዳሞች፣ የሚመሳሰሉት ግን ባዕዳን ሆነው ተገኙ።

መ. ለክፍል ሥራ

ይኸው ጉዳይ ለአማርኛ መምህር እንግዳ አይደለም። «ሥዕል ሳለ»፣ «በሽተኛው ሳለ»፣ «ቢላዋ ሳለ» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ያለው «ሳለ» በአማርኛ አንድ ቢመስልም በግእዝ «ሠዐለ»፣ «ሰዐለ» እና «ሰሐለ» የተባሉ ሦስት ግሦች ነበሩ። የጉሮሮ ድምፆች ሲጠፉና «ሠ» ከ«ሰ» ጋር ሲቀላቀል መልካቸው አንድ ሆነ። ተማሪው በቤቱ ከሚያውቀው ከዚህ ቃል ቢነሣ የቫራን ነገር በቀላሉ ይረዳል።

መዝገበ ቃላትና የቃላት መፍቻ የሚያዘጋጁም ሁለት ነገር ቢለዩ ይበጃል። ምንጫቸው አንድ የሆነ ልዩ ልዩ ትርጉሞች፣ እንደ ዘንግ፣ መስፈሪያና ችሎት ያሉት፣ በአንድ ቃል ሥር በተራ ቁጥር ይዘርዘሩ፤ ምንጫቸው የተለያየ እንደሆነ ግን አጻጻፋቸው አንድ ቢሆንም ለእያንዳንዱ የራሱ ስፍራ ይሰጠው። መምህሩም ተማሪው «እነዚህ ቃላት ይመሳሰላሉ» ባለ ጊዜ፣ «የእያንዳንዱ ዘመድ በገዛ ቋንቋው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን ቢያስለምደው፣ ከአንድ ቃል ትርጉም የበለጠ የምርመራ ዘዴ አስጨብጦታል ማለት ነው።