ቀኑ የታወቀ አደጋ፦ የወረዳን የስጋት ዕቅድ ከግሸን አምባ ሥር ስንተዋወቀው

ግሸን አምባ ላይ የሚያወጣው በር አንድ ነው፤ ቀሪው ዙሪያ ገደል ነው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት አምባውን የመረጡትም ለዚሁ ነበር። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ዙፋን ሊጠይቁ የሚችሉ የነጋሢ ወገኖች እዚያ ላይ በዘብ ይጠበቁ ነበር። ንጉሥ በሞተ ቁጥር አገር በወንድማማቾች ጦርነት እንዳይታመስ የታሰበ ዘዴ ነው። ሰው ሠራሽ አደጋን አስቀድሞ የመከላከል ዕቅድ ልንለው እንችላለን፤ ስጋቱ ተለይቷል፣ ቦታው ተመርጧል፣ ጠባቂው ተመድቧል። ድክመቱም ከጥንካሬው ጋር አብሮ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር አምባውን ሲይዝ፣ መግቢያው አንድ እንደነበረ ሁሉ መውጫውም አንድ ብቻ ሆነና ላዩ ላይ የነበሩት እስረኞችና ጠባቂዎች አለቁ።

ዛሬ በዚያ በር የሚያልፈው ምዕመን ነው። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገር ገብቶ፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግሸን ላይ እንዳረፈ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ፣ በመቶ ሺዎች የሚገመት ሕዝብ የመስቀል ቅርጽ ወዳለው አምባ ይወጣል። መቀመጫውን ውጫሌ ላይ ላደረገው ለደቡብ ወሎው የአምባሰል ወረዳ አስተዳደር ይህ ቀን በዓልም ፈተናም ነው። መቼ እንደሚመጣ፣ የት እንደሚሆን፣ በየትኛው በር እንደሚያልፍ አስቀድሞ የሚታወቅ ስጋት በቀላሉ አይገኝም። ብዙዎቻችን ስሙን ሰምተን ውስጡን የማናውቀውን የወረዳ የአደጋ ስጋት ዕቅድ ለመተዋወቅም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ዕቅዱ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ የአደጋ አስተዳደር የተወለደው ወሎ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ ድንገት የደረሰ አልነበረም። አዝመራው መክሸፉን በቅርብ ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ወሬው ወደ ላይ ሲሄድ እየሳሳ፣ እርዳታው ወደ ታች ሲመጣ እየዘገየ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ዓለም ጉዳዩን ያወቀው በጥቅምት 1966 የብሪታንያው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ባሳየው ፊልም ነው።

በኋላ ረሃቡን ያጠናው የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አሳየ። ሰው እየተራበ እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር፤ ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው የሚጠበቀውን ያህል አልናረም። ገበሬው የሚሸጠው አዝመራ ስላልነበረው የሚገዛበት ገንዘብም አልነበረውም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም የኢትዮጵያ ገበሬ ለረሃብ ያለውን ተጋላጭነት በሰፊው አጥንተው ጽፈዋል። ከሁለቱም ሥራ የምንማረው ዝናብ መቅረቱ ብቻውን ሰው እንደማይገድል ነው። የሚገድለው ዝናቡ ሲቀር የሚያጋጥመው ድህነት፣ የመንገድ ርቀትና የአስተዳደር ዝምታ ነው።

በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ብዙም ሳይቆይ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተዘረጋ። ያም ሆኖ ከአሥር ዓመት በኋላ ያው ነገር ተደገመ። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስታውቆ እርዳታ ጠይቆ ነበር። መንግሥት ግን የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ላይ ነበር፤ ለጋሾችም ዘግይተዋል። በጥቅምት 1977 የያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ከነበረችው ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን አናወጠ። የመጀመሪያው ረሃብ ማስጠንቀቂያ ስላልነበረ ነው ቢባል፣ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል።

የኋላ ፖሊሲዎች ይህን ለማረም የተነሡ ናቸው። የ1986 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ እርዳታን ከልማት ጋር አያያዘ። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀምሮ፣ ሁልጊዜ እህል የሚያጥረው ቤተሰብ በየዓመቱ የእርዳታ ጥሪ ሳይጠብቅ በሥራም ሆነ በቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። የ2005 ዓ.ም. የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ደግሞ ትኩረቱን አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሚመጣው እርዳታ አንሥቶ አስቀድሞ ስጋትን ወደመቀነስ አዞረ። ለየአደጋው ዓይነት ኃላፊ መሥሪያ ቤት ለየ፤ ወረርሽኝ የጤና፣ የሰብልና የከብት በሽታ የግብርና፣ ጎርፍ የውሃ ሆነ። ወረዳ የሥራው መነሻ እንዲሆንም አደረገ፤ አቅሙን ሲያልፍ ዞን፣ ከዚያ ክልል፣ ከዚያ ፌዴራል ይገባል።

ወረዳው ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራ የስጋት መገለጫ ማዘጋጀት ነው። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ወረዳዎች ተሠርቷል። የትኛው ቀበሌ በድርቅ፣ የትኛው በበረዶ፣ የትኛው በመሬት መንሸራተት ይጎዳል? ስንት ቤት ገደል ሥር ነው? ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት ይርቃል? መረጃው ከሰነድም ከሰውም ይሰበሰባል፤ የገበሬው ትዝታ እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አለው። ስሌቱ ቀላል ነው። አደጋው፣ ለአደጋው ያለው ተጋላጭነትና የመቋቋም አቅሙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንድ ዓይነት ዝናብ ሁለት ቀበሌ ላይ ቢዘንብ አንዱን ጭቃ ብቻ አድርጎት ያልፋል፣ ሌላውን ይቀብረዋል።

ሁለተኛው ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው። የልማት ሠራተኛው ዝናቡን፣ የሰብሉን ቁመና፣ የከብቱን ሁኔታና የገበያ ዋጋን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደግሞ በሽታውን ከቀበሌ ወደ ወረዳ ያደርሳሉ። ከበልግና ከመኸር በኋላ ደግሞ የአዝመራ ግምገማ ይደረጋል። ደቡብ ወሎ ውስጥ ደጋው በበልግ ዝናብ ስለሚያርስ፣ በልጉ ቢቀር ችግሩ ሰኔ ሳይደርስ ይታወቃል።

ሦስተኛው የዝግጁነት ዕቅድ ነው። "ይህ ቢሆን" ተብሎ ይጀምራል። ይህ ቢሆን ስንት ሰው ይጎዳል? ምን ያህል እህል፣ መድኃኒት፣ ድንኳን፣ ነዳጅ ያስፈልጋል? ምን አለ? ጎደሎውን ማን ይሞላል? የሚበዛው ድክመት እዚህ ላይ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ስለሚውል፣ በወረቀት ላይ የተጻፈው መጠባበቂያ መጋዘን ውስጥ ላይኖር ይችላል። ዕቅድ አንድ ሰው "እሺ፣ እኔ እከፍላለሁ፣ እኔ አዝዛለሁ" ብሎ ካልፈረመበት ምኞት ነው።

ግሸን ላይ ሲሞከር

ይህን ሁሉ ለመስከረም 21 እናውለው። የመጀመሪያው ስጋት ሕዝቡ ራሱ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከአምስትና ከስድስት ሰው በላይ ሲጨናነቅ ግለሰቡ በፈለገበት መሄድ ያቅተዋል፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ በማዕበል ይንቀሳቀሳል። የሚሞተው ሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ተረግጦ አይደለም፤ ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጀርመን ዱይስቡርግ ከተማ በሙዚቃ ድግስ ላይ ገቢውም ወጪውም በአንድ መተላለፊያ እንዲሄድ ተደርጎ 21 ሰዎች ሞተዋል። መካ አጠገብ ሚና ላይ በሐጅ ሥርዓት ጠጠር የሚወረወርበት የጀመራት ድልድይ ከተደጋጋሚ አደጋ በኋላ ፎቅ በፎቅ ሆኖ፣ መግቢያና መውጫው ተለይቶ ታንጿል። ይሁንና በመስከረም 2008 ዓ.ም. ችግሩ ከድልድዩ ወጥቶ ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ደረሰ፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያን ሐጃጆችም ነበሩ። አንድ ጠባብ ቦታ ሲስተካከል አደጋው ወደሚቀጥለው ጠባብ ቦታ ይሄዳል።

ስለዚህ የግሸን ዕቅድ ከበሩ ብቻ መጀመር የለበትም። ወጪና ወራጅ በሰዓት ይለያሉ፤ ከታች በመኪና ማቆሚያው ያለው ሰው ከላይ ያለውን እየጠበቀ በየተራ ይለቀቃል፤ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ እናቶች በፊተኛው ቀን ይወጣሉ። ከበሩ ላይ ሆኖ "አሁን ይቁም" ብሎ የሚያዝ አንድ ሰው በስም መታወቅ አለበት። ከአገልጋዮች፣ ከፖሊስና ከወጣቶች የተውጣጣ ግብረ ኃይል ቢቋቋምም፣ ትእዛዙ ከብዙ አፍ ከወጣ በጭንቅ ሰዓት አይሠራም።

ሁለተኛው መሠረተ ልማቱ ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በጥምቀት በዓል ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ አሥር ሰው ሞተ። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ የግሸን በዓል በሚከበርበት በዚያው ዕለት፣ ሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለግንባታ የቆመ የእንጨት መወጣጫ ወድቆ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። ሁለቱም ጊዜ የተደረመሰው እንጨት ቀድሞ ቢፈተሽ ድክመቱ ሊታወቅ ይችል ነበር። ዕቅዱ ውስጥ ከበዓሉ በፊት ደረጃውን፣ አጥሩን፣ መቆሚያውን የሚፈትሽ ባለሙያ መመደብ ርካሽ ሥራ ነው።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። በዓሉ የሚውለው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ዳገቱም ገደሉም ይላላል። የደቡብ ወሎ ደጋ በመሬት መንሸራተት ይታወቃል። መንገዱም አይታመንም፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በዚሁ ዞን ለገሂዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ከ30 በላይ ሰው፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ሞተዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ አለቁ፤ ሟቾቹ ከ200 አልፈዋል። ደግነታቸው ገደላቸው። የነፍስ አድን ሥልጠና ከሚያስተምራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ከመቆፈር በፊት ቀና ብሎ ወደ ላይ ማየት ነው።

አራተኛው ውሃና ንጽሕና ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ወረዳ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። ምንጭና መጸዳጃ በቂ ካልሆነ ታማሚው በሽታውን ይዞ ወደየክልሉ ይበተናል። የበዓሉ ዕቅድ በዓሉ ሲያልቅ አያልቅም ማለት ነው።

የማይጻፈው አቅም

በስጋት መገለጫ ሠንጠረዥ ላይ "አቅም" የሚለው ዓምድ ብዙውን ጊዜ አምቡላንስና መጋዘን ይቆጥራል። ወሎ ግን ቅሬ አለው። ቅሬ ሬሳ ያወጣል፣ የታመመ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፣ ያልመጣውን አባል ይቀጣል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚቆሙበት ነው። ከጎኑ አባጋር የሚባሉ አስታራቂዎች ሽምግልና አለ፤ ሰው ሠራሽ አደጋ የሚባለውን የጎሣና የግጦሽ ጠብ ከመነሣቱ በፊት የሚያበርድ እሱ ነው። መኪና የማይደርስበትን ቀበሌ ሁሉ የሚያውቅ ድርጅት ካለ ቅሬ ነው፤ ዕቅድ ሲወጣ የቅሬው ዳኛ በስብሰባው ላይ ካልተቀመጠ ወረዳው የራሱን እጅ ሳይቆጥር ቀርቷል።

ዕቅዱ ራሱ ሲጠቃ

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ሲሄድ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ራሱ ተፈናቃይ ሲሆንስ? ጤና ጣቢያው ሲዘረፍስ? በዚያ ዘመን የብዙ ወረዳ ፋይል ጠፍቷል፣ መድኃኒት ቤቱም ባዶ ቀርቷል። የዕቅዱ ግልባጭ ከወረዳው ውጭ መቀመጡ፣ አስተዳዳሪው ባይኖር ማን እንደሚተካው በስም መጻፉ፣ ከጎረቤት ወረዳ ጋር ተፈናቃይ የመቀበል ስምምነት መኖሩ ከዚያ በኋላ ቅንጦት መባሉ ቀርቷል። ነገሥታቱ ስጋታቸውን ሁሉ አንድ አምባ ላይ እንዳከማቹት፣ ወረዳም ዕቅዱን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጠ የሚደርስበት ያው ነው።

ለአንባቢ የሚጠቅመው ጥያቄ እንግዲህ ወረዳችን ዕቅድ አለው ወይ የሚል አይደለም፤ ሰነዱ በብዙ ቦታ አለ። በስም የተመደበው ሰው ማን ነው? ገንዘቡ በየትኛው መስመር ነው? ባለፈው ዓመት ተሞክሯል ወይ? ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለበዓሉ ሲሆን መልሱ ቶሎ ይገኛል፤ ቀኑ ስለሚገፋ ሁሉም ይሯሯጣል። ድርቅ ግን ያን ያህል አይገፋም፤ በግምት መጋቢት ላይ ይታያል፣ ሐምሌ ላይ ይገድላል። የአምባሰል ወረዳ ለመስከረም 21 የሚያሳየውን ጥድፊያ የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመትም መጋቢት ላይ ቢያሳይ፣ ለአንድ ቀን የሠራው ዕቅድ ለዓመቱ ሁሉ ሠርቷል ማለት ነው።