የጉበት ቫይረስ ቢ፦ ክኒኑ አንድ፣ ችግሩ ብዙ

በዚህ እትም በየብሎካችን እያለ ብዙም ስለማይወራለት አንድ በሽታ ልናወጋችሁ ወደድን። ሐኪሞች ሄፓታይተስ ቢ ይሉታል፤ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። አገር ቤት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው፣ የሌሊት ወፍ ናት ያመጣችበት» እየተባለ ሥራ ሥር ሲበጠበጥለት አይተን ነው ያደግነው። ቫይረሱ ግን ከወፍ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በጋራ ምላጭና መርፌ፣ በተለይም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ ትሪ በመብላት፣ በአንድ ስኒ ቡና በመጠጣት ወይም በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመን ሰው ትሪ መለየት በደል እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

የበሽታው ክፋት ዝምታው ነው። ብዙ ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ይኖራል። አንዳንዱ ደም ለመስጠት ወይም ወደ አረብ አገር ለመሄድ ሲመረመር በድንገት ይነገረዋል። ሌላው የሚያውቀው ጉበቱ ከጠነከረ ወይም ካንሰር ከያዘው በኋላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ቫይረስ ጋር ይኖሩ ነበር። ከነዚህ ውስጥ መያዛቸውን በምርመራ ያወቁት 13 በመቶ ብቻ፣ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ 3 በመቶ ገደማ ናቸው።

ታዲያ መድኃኒት የለውም እንዴ? አለው እንጂ። ቫይረሱን ጨርሶ ባያጠፋውም አስሮ የሚይዝ ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን አለ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለብዙው ሰው ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚሠሩት በ2024ቱ ዘገባ መሠረት በዓለም ገበያ የአንድ ወሩ 2.40 ዶላር ገደማ ነበር። ሆኖም ያው ዘገባ እንደሚለው ዋጋቸውን ካሳወቁት 26 አገሮች ውስጥ በዚህ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የገዙት 7 ብቻ ናቸው። ሌላው የሚገርመው ቴኖፎቪር ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ መሆኑ ነው። ለኤች አይ ቪ ዓለም ገንዘብ አዋጥቶ በነፃ ይታደላል፤ ለሄፓታይተስ ቢ ግን ያን ያህል የሚከፍል አልተገኘም። ስለዚህ ያው መድኃኒት ለአንዱ በነፃ ሲሰጥ ሌላው «ከውጭ ግዛ» ይባላል።

ይህ እዚህ ካኩማ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በሰፈራችን አንድ የሦስት ልጆች አባት አለ። ለሦስት ወር መድኃኒት ከተሰጠው በኋላ «አልቋል፣ ከፋርማሲ ግዛ» ተባለ። ሚስቱ የራሽኑን ዘይትና አተር ክክ እየሸጠች ሁለት ወር ገዛችለት፤ ከዚያ በኋላ አቅም አጣች። እሱም ክኒኑን ለማብቃቃት አንድ ቀን እየዘለለ መዋጥ ጀመረ፣ ኋላም ሲያልቅ አቆመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ ተኛ። ትልቅ ሆስፒታል ሂድ ሲባል ደግሞ ወረፋው፣ የመውጫ ፈቃዱ፣ የመኪናው ገንዘብ አለ። ሎድዋር እንኳ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መሃል አንድ ወዳጁ የራሱን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሊያካፍለው ቢፈልግ «የሰው ዕድሜ ቆርሼ አልውጥም» ብሎ እምቢ አለ። እውነቱን ነው፤ ቢካፈሉ ኖሮ ሁለቱም ይጎዱ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን መልሶ ጀምሯል፤ የሚቀጥለው ወር ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከቤተሰብ አንዱ ከተገኘበት ሁሉም ይመርመር። ነፃ የሆነው ክትባቱን ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር እናቶች በክትትል ጊዜ ምርመራውን ይጠይቁ፤ ቫይረሱ ያለባት እናት ልጅ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ማግኘት አለበት። እናትየውም ጡቷን ማጥባት ትችላለች።

ሁለተኛ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው ያለ ሐኪም ቃል አያቁም፣ አይቀንስ። በድንገት ሲቆም ቫይረሱ ተነሥቶ ጉበትን ሊያቃጥል፣ ሊገድልም ይችላል። ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለክሊኒኩ እናሳውቅ። ከመጀመሩ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግም ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ «የቫይረሱን መጠን የሚለካ መሣሪያ የለም» ተብለን ዝም ብለን አንመለስ። በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያ ምርመራ በሌለበትም በተራ የደም ምርመራ ጉበቱ ምን ያህል እንደተጎዳ ገምቶ ሕክምና መጀመር እንደሚቻል ይናገራል። ሐኪሙን በአክብሮት እንጠይቅ። የምርመራ ወረቀታችንንም ቀኑ እንዳይጠፋ አድርገን እናስቀምጥ።

አራተኛ፣ መጠጥ ይቅርብን፤ የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒም እንጣል። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ይህ ቫይረስ ላለበት ሰው የጉበት ካንሰርን ያፈጥናል።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እኛ ደግሞ የምንጨምረው አንድ ነገር አለ፤ ተናግሮም መድኃኒት ያጣ አለና ብቻውን አንተወው። የብሎክ መሪዎች በሚቀጥለው የጤና ስብሰባ ላይ የማንንም ስም ሳይጠሩ በየብሎኩ ስንት ሰው ክኒን እንደተቋረጠበት ቆጥረው ያቅርቡ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ልመና ይመስላል፤ ቁጥር ይዘን ስንቀርብ ግን መድኃኒት የሚያዝዘው ክፍል ስንት ብልቃጥ ማዘዝ እንዳለበት ያውቃል።