«ባግቤር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ባለፈው ሰሞን አንድ የትርጉም ሥራ ይዤ ነበር። ስለ ታዳጊ አገሮች ኢኮኖሚ የሚያወራ፣ ሰባት ገጽ የማይሞላ ጽሑፍ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ «ይሄማ ቀላል ነው» ብዬ ተቀበልኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የዋጋ ንረት የመንግሥታት «ባግቤር» ነው የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። «ቤር» ማለት ድብ ነው አይደል? በእኛ ትምህርት ደግሞ የአክሲዮን ዋጋ ለረጅም ጊዜ ሲወርድ «ቤር ማርኬት» ይባላል። እናማ ሳላቅማማ ከገበያ መውረድ ጋር አያይዤ ተረጎምኩትና አለፍኩ። ዋጋ እየናረ ገበያው ለምን እንደሚወርድ እንኳ ራሴን አልጠየቅኩም። አራሚው በቀይ አስምሮ ሲመልስልኝ ነው መዝገበ ቃላት የከፈትኩት።

ለካ ቃሉ ከገበያው ድብ ጋር አይተዋወቅም። እንግሊዞች መጠቀም የጀመሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ልጆችን ለማስፈራራት የሚጠራ የፈጠራ ፍጡር ስም ነበር። «ባግ» በዛሬው አፍ ትኋን፣ ተባይ፣ ወይም አፕ ሲበላሽ «ባግ አለበት» የምንለው ነገር ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ግን የሚያስፈራ መንፈስ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1535 የታተመው የማይልስ ኮቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 91 ላይ የሌሊቱን አስፈሪ ነገር «ባግስ» ብሎታል። የኋላ ሰዎች ትርጉሙ ሲጠፋባቸው ሌሊት ትኋን አትፍራ የተባለ መሰላቸውና «ባግ ባይብል» የሚል ቅጽል አወጡለት። በ1611 የወጣው የኪንግ ጄምስ ትርጉም «ቴረር» በሚለው ቃል ተካው።

እዚህ ጋ ትንሽ ልዘግይ። የእኛው ዳዊት እዚያው ቦታ ላይ (በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 90 ነው) የሌሊት «ግርማ» ይላል። ዛሬ «ግርማ ሞገስ» ስንል ያምራል፣ ይከበራል ማለታችን ነው፤ ለልጅም ስም እናወጣዋለን። በግእዝ ግን ግርማ ማስፈራትም ነው። እንግሊዞቹ የፍርሃት ቃላቸው ትኋን ሆኖ ሲቀርባቸው፣ የእኛው የክብር ልብስ ለበሰ።

ወደ ባግቤር እንመለስ። ዛሬ ሁለት ነገር ይሠራል። አንዱ ሰው ሁልጊዜ የሚፈራውና የሚያስጨንቀው ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃቱ ከነገሩ እንደሚበልጥ በጎን ይጠቁማል። ሁለተኛው ፍርሃት እንኳ የለበትም፣ ደጋግሞ የሚያናድድ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ስልኩን ላውድ አድርጎ ቪዲዮ የሚያይ ሰው የእኔ ባግቤር ነው።

ተመሳሳይ ናቸው የሚባሉት ቃላት ደግሞ ሲጠጉ ተመሳሳይ አይደሉም። «ቦጊማን» ከአልጋ ሥር ወይም ከጨለማ የሚመጣው ሰውዬ ነው፤ ልጅ ካልተኛ ይወስደዋል። «ባጋቡ»ም ያው ነው፣ ግን ቀለል ይላል፤ በዚህ ስም የሚሸጥ የሕፃን ጋሪ ሁሉ አለ። «ቦጊ» ብቻውን ሲሆን ለጎልፍ ተጫዋች ከተመደበለት አንድ ምት ማብዛት ነው፣ ለተዋጊ አብራሪ ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን። ከፈረንሳይኛ የመጣው «ቤት ኗር» (በእኛ ፊደል ሲጻፍ የቤት ኗሪ ይመስላል!) ቃል በቃል ጥቁር አውሬ ማለት ነው፤ አንድ ሰው ጨርሶ ሊያየው የማይፈልገውን ሰው ወይም ነገር ይጠሩበታል። «ፎቢያ» ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እሱ ራሱ ፍርሃቱ ነው፣ የሚፈራው ነገር አይደለም።

እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ «አያ ጅቦ» ነበር። ልክ ነው ብዬ ተደሰትኩ! እሱም ልጅ ማስፈራሪያ ነው፣ እሱም አውሬ አለበት። እንዲያውም የእኛው ይበልጣል፤ የምንፈራውን እንደ ታላቅ ወንድም «አያ» ብለን እናከብረዋለን። ሐረር ብትሄዱ ደግሞ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ጅቡን በእጃቸው ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ። «የዋጋ ንረት የመንግሥታት አያ ጅቦ ነው» ብዬ ጻፍኩና ለእናቴ አነበብኩላት።

«አያ ጅቦን እኮ የፈጠርኩልሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «እንድትተኚልኝ። መጣ መጣ እልሻለሁ እንጂ መጥቶ ያውቃል? ዘይቱ ግን መጥቶ ቤት ገብቷል።»

ዝም አልኩ። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ እሷ ይህን ቁጥር የምታውቀው በገዛችው ዘይትና ሽንኩርት ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ጀርመኖች የዋጋ ንረት ሲባል የሚደነግጡት በተረት አይደለም፤ በኅዳር 1923 (እ.ኤ.አ.) አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ ደርሶባቸው ነበር። ይህን አያ ጅቦ ማለት ለሰዎቹ «የምትፈሩት የለም፣ ተኙ» እንደማለት ነው። የጽሑፉ ደራሲም እንደዚያ አላለም፤ እሱ ያወራው የማይለቅ ችግር ነው። የትርጉም ስህተቴ የአንድ ቃል ይመስላል፣ ግን የሰው ፍርሃት እውነት ነው ወይስ ቅዠት የሚለውን የሚወስነው ያ ቃል ነበር።

አማርኛ ደግሞ ደሃ አይደለም። ለሚያናድደው ባግቤር «የጎን ውጋት» አለን፤ አይገድልም፣ አያስተኛም። እያሳደደ እረፍት ለሚነሳው «የእግር እሳት» አለን። መጥቶ ለማያውቀው አያ ጅቦ ይቆይልን።

ሥራው የሚከፈለው በእንግሊዝኛው ቃል ቁጥር ስለሆነ፣ ሁለት ቀን የፈጀሁባት ባግቤር የአንድ ቃል ሒሳብ ነው ያስገኘችልኝ። ብቻ «የዋጋ ንረት የመንግሥታት የእግር እሳት ነው» ብዬ ላክሁ። ከመላኬ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት።

«የመንግሥታት ብቻ?» አለችኝ።