አውቀዋለሁ የሚያሰኝ ንባብ

በፈተና ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ገብቶ ላየ ሰው «ተማሪው ሰነፈ» የሚለው ወቀሳ አይዋጥለትም። መቀመጫ የሚያዘው ገና ሳይነጋ ነው። ሃንድአውቱ በቢጫ ማርከር ከመዥጎርጎሩ የተነሣ ጎልቶ የሚታየው ያልተሰመረበት መስመር ነው። ችከላው እንዲህ በርትቶ ውጤቱ ሲያንስ ግን ጥፋተኛ የሚደረገው ያው የፍላጎት ማነስ ነው። ነገሩ የተገላበጠ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜ ፍላጎትን የሚገድለው የአጠናን ዘዴው ራሱ ነው።

በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ ይህን ጥርጣሬ ያጠናክራል። ተማሪዎች አጭር ሳይንሳዊ ጽሑፍ ተሰጣቸው። አንደኛው ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበው፤ በአማካይ 14 ጊዜ ያህል። ሌላው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሦስት ጊዜ ያህል አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን በወረቀት ላይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በልጠው ተገኙ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ እነዚያ 61 ላይ ቆዩ። የሚያስገርመው፣ ከሳምንት በኋላ ይበልጥ እናስታውሳለን ብለው የገመቱት አንባቢዎቹ መሆናቸው ነው።

ደጋግሞ ያነበቡት ገጽ ዓይን ይለምደዋል፤ የለመዱት ነገር ደግሞ የሚያውቁት ይመስላል። ፈተናው ላይ ግን ገጹ የለም። ሌሊቱን ሙሉ የለፋው ተማሪ ወረቀቱ ፊት ባዶውን ሲቀር ዘዴውን አይጠረጥርም፤ «የኔ ጭንቅላት አይቀበልም» ይላል። ሚሼል ሪቻርድሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው ከዩኒቨርሲቲ ውጤት ጋር ምን እንደሚዛመድ ሲመረምሩ፣ ከሁሉ ጠንክሮ የተገኘው «ይህን ውጤት ማምጣት እችላለሁ» የሚለው እምነት ነበር። እርግጥ ዝምድና መንስኤ አይደለም፤ ጎበዝ ተማሪ በራሱ ቢተማመን አይደንቅም። ሆኖም አልበርት ባንዱራ እንዳስተማረው የዚህ እምነት ዋነኛ ምንጭ ሠርቶ ማየት እንጂ ምክር አይደለም። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ገቢዎችን ሰብስቦ «በርቱ» ከማለት ይልቅ፣ ልፋታቸው ፍሬ የሚሰጥበትን መንገድ ማሳየት የሚሻል ይመስለኛል።

ሳያዩ ማስታወስን መምከር ሽምደዳን ማሞገስ አይደለም ወይ? የሚል ይኖራል። ካርፒክና ጃኔል ብላንት እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ ፈትሸው ነበር። ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩ ተማሪዎች፣ ጽሑፉን እያዩ የሐሳብ ካርታ ከሳሉት ይልቅ በቃል ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ማገናዘብን በሚጠይቀውም በልጠዋል። የአብነት ትምህርት ቤቱም ተማሪ ያጠናውን ለመምህሩ በቃሉ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ጥንካሬው ከመደጋገሙ ይልቅ ይህ ማሰማት ላይ ሳይሆን አይቀርም። ጊዜ የለንም ለሚሉትም መልስ አለ፦ ሮዲገርና ካርፒክ በሌላ ሙከራቸው ዳግመኛ ለማንበብም ሳያዩ ለመጻፍም እኩል 7 ደቂቃ ሰጥተው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ የጻፉት 56፣ ያነበቡት 42 በመቶ አስታውሰዋል።

ዘዴው የማይሠራበትም ቦታ አለ። በእንግሊዝኛ የተሰጠው ሌክቸር ከመጀመሪያውም ያልገባው ተማሪ ሃንድአውቱን ቢዘጋ የሚያወጣው ነገር የለውም፤ እርሱ መጀመሪያ የሚያስረዳው ሰው ነው የሚያስፈልገው። ገብቶት ያጠናውም ቢሆን የጻፈውን መልሶ ከሃንድአውቱ ጋር ካላመሳከረ ስሕተቱን ይዞ ሊቀር ይችላል።

በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ቢያንስ 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ አለበት። በዋዜማው ሌሊት ተነብቦ የፋይናል ፈተና የታለፈበት ኮርስ ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይጠየቃል ማለት ነው። ሸክሙን ደግሞ ተማሪው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ኩዊዝ አሁን ባብዛኛው ማርክ መሰብሰቢያ ነው፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ተመልሶ የሚሰጥ፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ የማይመለስ ወረቀት። ማርክ ባይያዝበት እንኳ፣ በየሳምንቱ መግቢያ ላይ ያለፈውን የሚጠይቅና መልሱ እዚያው የሚነገርበት የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ቢሆን፣ ተማሪው ያላወቀውን ነገር ገና ለማስተካከል ጊዜ ሳለው ያውቀዋል።