በሌዘር የተነሣ ፀጉር ተመልሶ ሲበቅል ወጪው የማን ነው?

ፀጉርን በሌዘር ማስወገድ በአዲስ አበባ የውበትና የቆዳ ክሊኒኮች ገበያ ውስጥ የራሱን ቦታ ከያዘ ሰንብቷል። ማስታወቂያዎቹ ደጋግመው የሚጠሩት አንድ ቃል አለ፤ «በዘላቂነት» የሚል። ደንበኛዋ በዚህ ቃል ተማምና ትከፍላለች። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከተከፈለበት ቦታ ላይ ፀጉር ብቅ ሲል ግን ክርክር ይነሣል። ደንበኛዋ «ተታለልኩ» ትላለች፤ ባለ ክሊኒኩ «ዙሩን አልጨረስሽም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ሳይለዩት የሚከራከሩበት ጉዳይ አለ። ተመልሶ የሚበቅለው ፀጉር ዓይነቱ አንድ አይደለም፤ ወጪውን መሸከም የሚገባው ወገንም እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ጉዳዩ ከዋናው ከተማ ርቆ ለሚኖር ገዢ ይበልጥ ይከብዳል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ከመካነ ሰላም፣ ከአጅባር ወይም ከአቀስታ የሚነሣ ሰው ይህን አገልግሎት አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለማግኘት ሥራውን አቋርጦ ረጅም መንገድ መጓዝ አለበት፤ ያውም አንድ ጊዜ ሳይሆን ስድስትና ሰባት ጊዜ። በሌላ በኩል ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ቤይሩትና ወደ ዱባይ ለሥራ ሄደው የተመለሱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ካጠራቀሙት ገንዘብ የውበት ሳሎን ለመክፈት የሚያስቡት «ማሽኑን ባስገባው ያዋጣ ይሆን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ስለዚህ ጥያቄው የገዢም የባለሀብትም ነው።

አንድ ጊዜ ያረመ ገበሬ

የሌዘር ፀጉር ማስወገጃ መሠረት የተጣለው አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ነው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ብርሃኑ በፀጉሩ ውስጥ ያለውን ሜላኒን የተባለ ጥቁር ቀለም ይመታል፤ ቀለሙ ብርሃኑን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ሙቀቱም የፀጉሩን ሥር ያቃጥላል። ቀለም የሌለው ሽበት በሌዘር የማይነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብርሃኑ የሚመታው ነገር አያገኝም።

ይሁንና ሰውነት ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም። እያንዳንዱ ፀጉር ያድጋል፣ ይደክማል፣ ያርፋል፤ ከዚያ ይረግፍና አዲስ ይተካል። ሌዘር በደንብ የሚያገኘው በዕድገት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ከራስ ፀጉር አብዛኛው በማንኛውም ቀን በዕድገት ላይ ሲሆን፣ በእግርና በብብት ግን በዕድገት ላይ የሚገኘው ከግማሽ ያነሰው ነው።

ነገሩ ከአረም ጋር ይመሳሰላል። ገበሬ ማሳውን አንድ ጊዜ ቢያርም የበቀለውን ይነቅላል፤ አፈር ውስጥ የተኛውን ዘር ግን አያገኘውም። ከሳምንታት በኋላ የሚበቅለው አረም ሥራው መበላሸቱን አያሳይም፤ ተራው የደረሰ ሌላ ዘር ነው። ሌዘርም ከ4 እስከ 8 ሳምንት በሚደርስ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ስድስትና ከዚያ በላይ ዙር የሚሰጠው ለዚህ ነው።

የሚመለሰው ፀጉር ዓይነቶች

የመጀመሪያው ዓይነት በዙሮች መካከል የሚወጣው፣ ተኝቶ የነበረ ፀጉር ነው። ይህ የተፈጥሮ ሒደት ስለሆነ ከመነሻው በዋጋው ውስጥ መታሰብ ይኖርበታል፤ ወጪውም የገዢው ነው። ከዙሩ በኋላ ባሉት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ብቅ ብቅ የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ፀጉር ሊረግፍ ሲወጣ ነው። ደንበኛዋ በቀለ ብላ ትደነግጣለች እንጂ እየለቀቀ ነው።

ሁለተኛው ሥሩ ተጎድቶ ያልሞተ ፀጉር ነው። ይህ ቀጥኖና ሳስቶ ይመለሳል። ዙሩ ሳያልቅ ሲሆን የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ማሽኑ ለቆዳው ስለማይስማማ ወይም ባለሙያው ማቃጠልን ፈርቶ ኃይሉን ከሚገባው በታች ስላደረገ ፀጉሩ ሁሉ እንደነበረ ከተመለሰ ጉድለቱ የሻጩ ነው። ወጪውም የእርሱ መሆን ይገባዋል።

ሦስተኛው በሆርሞን ምክንያት አዲስ የሚበቅል ነው። በሴቶች አገጭ፣ ጉንጭና ከንፈር ላይ የሚበዛ ወፍራም ፀጉር ከማኅፀን ዕንቁላል ዕጢዎች ወይም ከሌላ የሆርሞን መዛባት ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። የወር አበባ መዛባትና ብጉር ካሉበት ጥርጣሬው ይጠነክራል። እዚህ ላይ ሌዘር ያለውን ያሳሳል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ከመክፈል በፊት ሐኪም ማየት ርካሹ መንገድ ነው። ለደቡብ ወሎ ሰው በደሴ አጠገብ የሚገኘውና በቆዳ ሕክምና ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርበዋል።

አራተኛው ብዙ የማይወራለት ነው። ሌዘር አልፎ አልፎ ለስላሳውን ፀጉር ቀስቅሶ ወፍራም ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ ይህ ከ100 ደንበኞች በ3 ያህሉ ላይ እንደሚደርስ ገምቷል። በአብዛኛው የሚታየው በፊትና በአንገት ላይ ሲሆን ጠየም ባለ ቆዳ ላይም ይዘወተራል። ይህን አስቀድሞ ሳይናገር የተቀበለ ክሊኒክ ተጨማሪውን ዙር ራሱ ቢሸከም ከፍትሕ አይርቅም።

ከአሜሪካ ገበያ የተገኘ ትምህርት

የ«አይበቅልም» ተስፋ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። ቴርሞሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአገሩ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ ስፓ ቲራ በሚል ስም በካሊፎርኒያ የጀመረውን ቤት ወደ ሌሎች ከተሞች አስፋፋ። ዘዴው ቆዳው ላይ የካርቦን ቅባት ቀብቶ በሌዘር መምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ግን በዚህ ዓይነት ሕክምና የተወገደው ፀጉር በ6 ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ መብቀሉን አሳየ። የ1990ዎቹ ዓመታት ሳያልቁም ኩባንያው ስፓዎቹን መዝጋት ጀመረ። ቤቱ አምሮ፣ ማስታወቂያው ሰምሮ፣ ደንበኛውም መጥቶ ነበር፤ የተሸጠው ነገር ግን አልቆየም።

የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ለሌዘር ማሽኖች የሚፈቅደው አነጋገር «ዘላቂ ቅነሳ» የሚለውን ነው። ትርጉሙም ከተወሰኑ ዙሮች በኋላ የሚበቅለው ፀጉር ቁጥር ቀንሶ፣ ከአንድ ሙሉ የፀጉር የዕድገት ዑደት ለረዘመ ጊዜ በዚያው ሳይጨምር መቆየቱ ነው። ዑደቱ እንደ ሰውነት ክፍሉ ከ4 እስከ 12 ወር ይደርሳል። ፀጉሩ ሁሉ ይጠፋል ማለት እንዳልሆነም ትርጉሙ በግልጽ ያስቀምጣል። «ቅነሳ» እና «ማጥፋት» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ንግድ ትርፍና ኪሣራ ነው።

የደንበኛው ሒሳብ

ለአሰላ እንዲመች ዋጋዎቹን በግምት እንውሰድ። አንድ ዙር 2000 ብር ቢሆን ስድስት ዙር 12,000 ብር ይሆናል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋል። ከመካነ ሰላም የሚመጣ ሰው ግን ለትራንስፖርት፣ ለአልጋና ለምግብ በየጉዞው 3000 ብር ቢያወጣ ሌላ 18,000 ብር ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት ማጠናከሪያ ሁለት ዙር ቢያስፈልግ በአንዱ 5000፣ በሁለቱ 10,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 40,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ለክሊኒኩ የሚገባው 16,000 ብር ብቻ ሲሆን ቀሪው 24,000 ብር የመንገድ ወጪ ነው። ስለዚህ የክልሉ ደንበኛ በዙር ዋጋ ላይ ከመከራከር ይልቅ የዙሩን ብዛት አስቀድሞ ማስወሰን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የጊዜውም ሒሳብ አለ። በ6 ሳምንት ልዩነት ስድስት ዙር ለመጨረስ 30 ሳምንት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። አንድ ዙር ቢያልፍ የተሠራው ሁሉ ከንቱ አይሆንም፤ ሆኖም ማለቂያው ይርቃል። ቅድሚያ የስድስት ዙር ሙሉ ክፍያ የሚፈጽም ሰው የቀረበት ዙር እንደማይሰረዝበት በጽሑፍ ማስያዝ ይኖርበታል።

በዙሮች መካከል በምላጭ መላጨት ይፈቀዳል። ሲላጭ ይወፍራል የሚለው የቆየ አባባል እውነት አይደለም፤ ጫፉ ስለተቆረጠ ሲዳሰስ ይሻክራል እንጂ ሥሩ አይለወጥም። በአንጻሩ በሰም፣ በስኳር ቅባት ወይም በክር መንቀል የሌዘሩን ዒላማ ከሥሩ ስለሚያወጣ የሚቀጥለውን ዙር ክፍያ ያባክናል። ከዚህም ሌላ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ የደጋ ፀሐይ ቆዳን ያጠቁራል። ፀሐይ ያገኘው ቆዳ በሌዘር የመቃጠል ዕድሉ ስለሚጨምር ጃንጥላና ነጠላ ከሕክምናው አይነጠሉም።

ለወንዶች ሒሳቡ ሌላ ነው። ጥቅልል ጢም ከተላጨ በኋላ ተመልሶ ወደ ቆዳ እየገባ ሽፍታና ጠባሳ ለሚያወጣበት ሰው ፀጉሩ ቀጥኖና ሳስቶ መመለሱ ራሱ ጥቅም ነው። እንዲህ ያለው ደንበኛ የሚገዛው ቅነሳውን ስለሆነ ቅር አይሰኝም።

የባለሀብቱ ሒሳብ

ማሽን ለማስገባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የብርሃኑን ዓይነት ነው። ለኢትዮጵያውያን ጠይምና ጥቁር ቆዳ ደኅንነቱ የተሻለው 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ነው፤ ወደ ቆዳ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ የላይኛውን ቀለም ያን ያህል አይመታም። 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ለነጣ ያለ ቆዳ ይስማማል፤ 810 አካባቢ የሆነው ዳዮድ በመካከል ያለ ነው። አይፒኤል የተባለው የብርሃን ማሽን ግን ሌዘር አይደለም፤ ደላላ «ሌዘር» ብሎ ቢያቀርበው መታለል አይገባም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ይህም ማሽኑን ብቻ ሳይሆን በየጊዜው የሚለወጠውን መምቻ ራስና መለዋወጫ ጭምር ይነካል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ራሱ ስንት ጊዜ እንደመታ ማየት አለበት፤ የደከመ ራስ ኃይሉ ስለሚወርድ ሁለተኛውን ዓይነት ዳግም ብቅለት ያመጣል።

የዋስትናም ነገር አለ። 100 ደንበኛ ለስድስት ዙር ቢመዘገብ 600 ዙር ይሆናል። «አይበቅልም» ተብሎ ቃል ከተገባላቸው ውስጥ 30ዎቹ ለሁለት ሁለት ነፃ ዙር ቢመለሱ 60 ዙር ያለ ክፍያ ይሠራል። ይህም ከተሸጠው አሥር በመቶ መሆኑ ነው። ትርፉ ጠባብ የሆነ ቤት ይህን አይችለውም። ሻጩ «ይቀንሳል፤ ማጠናከሪያም ያስፈልጋል» ብሎ ቢሸጥ ግን ያው 60 ዙር ገቢ ይሆንለታል።

የሕክምና መሣሪያ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ቁጥጥር የሚደረግበት ነው። ስለዚህ ባለሀብቱ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ማሽኑ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዘንድ ያለውን ሁኔታ ማጣራት፣ የሚያሠራውንም ባለሙያ አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለቱንም ወገን ከክርክር የሚያድነው ከመጀመሪያው ዙር በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ ነው። የማሽኑ ዓይነት፣ የዙሩ ብዛት፣ የሚጠበቀው ቅነሳ፣ የማጠናከሪያው ዋጋ፣ ፀጉሩ እንደነበረ ከተመለሰም ማን እንደሚከፍል በዚያ ላይ ይስፈር። ይህን ወረቀት ለመስጠት የማይፈልግ ክሊኒክ ሲያጋጥም ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ መሄድ ይሻላል።