ኑግ፣ ተልባና የአእምሮ ሕመም

ለማስተማር ልምምድ ወደ ዲማ ወጥተን የነበርን ዕጩ መምህራን ይዘነው የተመለስነው አንድ ጥያቄ አለ። ጥያቄው የእኛ ሳይሆን የአንድ ገበሬ ነው። የ19 ዓመት ልጃቸው ትምህርቱን ካቋረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብቻውን ያወራል፤ ማንም በሌለበት የሚሰድቡት ሰዎች ድምፅ ይሰማዋል፤ ከሰው ርቋል። ሐኪም ቤት ስኪዞፍሬንያ ነው ተብሎ በየወሩ የሚወጋው መርፌ ተጀምሮለት ነበር፤ ረጋ ብሎም ነበር። ታዲያ አንድ ዘመድ ከከተማ መጥቶ፣ «ነገሩ የቅባት እጥረት ነው፤ የዓሣ ዘይት ብትሰጡት ይድናል» አላቸው። አባትየው በግ ሸጠው የዓሣ ዘይት እንክብል ገዙ፤ መርፌውንም አስቆሙት። እኛን ባገኙን ጊዜ፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ቅባት አእምሮ ያድናል ወይ? የሚያድን ከሆነስ የእኛ ኑግ ምን አነሰው?» ሲሉ ጠየቁን።

በዚያ ቀን መልስ አልነበረንም፤ አፍረን ዝም አልን። ከተመለስን በኋላ ግን አንብበን፣ ከባዮሎጂ መምህራኖቻችንም ጋር ተወያይተን የደረስንበትን እነሆ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። ስኪዞፍሬንያ ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ የሚያሳድዱኝ አሉ ብሎ አጥብቆ የሚያምንበት፣ ሐሳቡ የሚበታተንበት፣ ብዙውን ጊዜም ፍላጎቱና ተነሳሽነቱ የሚደክምበት ከባድ ሕመም ነው። በአገራችን በሚገባ የተጠናው በቡታጅራና በአካባቢው ነው። ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን መረመሩ፤ ከእነዚህ መካከል 321 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ተገኙ። ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋ ማለት ነው። ሕመሙ የጀመራቸው በአማካይ ወንዶቹን በ24፣ ሴቶቹን በ21 ዓመት ገደማ ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የእኛ የዕጩ መምህራን ዕድሜ ነው! ከሕሙማኑ ለሕመሙ የተሠራውን መድኃኒት አንድ ጊዜ እንኳ ወስደው የሚያውቁት ከመቶ 10 አይሞሉም ነበር። እንግዲህ የዲማው ልጅ መርፌ ማግኘቱ ራሱ ትልቅ ዕድል ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ እንምጣ። ዘመድየው የተናገረው ከባዶ የመጣ ወሬ አይደለም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንጎል ውስጥ ካለው ውኃ ሌላ ከሚቀረው ክብደት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ቅባት ነው። ይህ ቅባት እንደ ሆድ ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ሳይሆን የነርቭ ሕዋሳት ገለፈት የሚሠራበት ነው። ገለፈቱ የተሠራው ፋቲ አሲድ ከሚባሉ ረዣዥም ሰንሰለቶች ነው። አንዳንዶቹ ሰንሰለቶች እንደ ባሕር ዛፍ አጣና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ሌሎቹ እንደ ግራር ቅርንጫፍ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ስለሆኑ ቢከምሯቸው ክፍተት ይተዋሉ። ቅቤ በጮቄ ብርድ ድርቅ ሲል የኑግ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። የነርቭ ገለፈት መልእክት ለማስተላለፍ መተጣጠፍ ስላለበት ጎባጦቹን አብዝቶ ይፈልጋል፤ በተለይም አራኪዶኒክ አሲድንና ዲ.ኤች.ኤ. የሚባለውን።

ሰውነታችን እነዚህን ከባዶ ተነስቶ መሥራት አይችልም፤ ጥሬ ዕቃው ከምግብ መምጣት አለበት። የጎጃም ገበያ ደግሞ በጥሬ ዕቃው ሀብታም ነው። የኑግ ዘይት ከመቶ 70 እጅ ገደማ ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ ከእርሱ አራኪዶኒክ ይሠራል። የተልባ ዘይት ደግሞ ከግማሽ በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ከእርሱ ኢ.ፒ.ኤ.፣ ቀጥሎም ዲ.ኤች.ኤ. ይሠራል። ነገር ግን የሁለቱም ወፍጮ አንድ ነው። ኢንዛይሞቹ ለኑጉም ለተልባውም የሚሠሩት እነዚያው ናቸውና ተራ ይጠባበቃሉ፤ ከተልባው ውስጥ እስከ ዲ.ኤች.ኤ. የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ዓሣ ግን ኢ.ፒ.ኤ.ንም ዲ.ኤች.ኤ.ንም ተፈጭቶ እንዳለቀ ዱቄት ይሰጣል። አባትየው «ኑግ ምን አነሰው?» ላሉት መልሱ ይኸው ነው፤ ኑግ ጥሩ ዘይት ነው፣ ግን የዓሣው ዓይነት ዘይት አይደለም።

ይህን ከስኪዞፍሬንያ ጋር ካያያዙት ሰዎች ዋነኛው ዴቪድ ሆሮቢን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሕመሙ ከፋቲ አሲድ የሚሠሩ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እጥረት ሊሆን ይችላል ሲል ጻፈ፤ በኋላም በ1990ዎቹ ሐሳቡን ወደ ሕዋስ ገለፈት አሰፋው። (ሰውየው የእነዚህኑ ዘይቶች ሽያጭ የሚያካሂድ ኩባንያ ነበረው፤ ይህንንም ማወቅ አይከፋም።) ከማስረጃዎቹ አንዱ ኒያሲን የሚባለው ቫይታሚን ነው። ጤነኛ ሰው ኒያሲን በዛ አድርጎ ሲወስድ ቆዳው ይሞቃል፣ ፊቱ ይቀላል፤ ምክንያቱም ኒያሲኑ የቆዳ ሕዋሳት ከገለፈታቸው አራኪዶኒክ አሲድ ለቀው ፕሮስታግላንዲን እንዲሠሩ ስለሚያዝ ነው። ከስኪዞፍሬንያ ሕሙማን መካከል ግን በርካቶቹ ላይ ይህ መቅላት ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። የቀይ የደም ሕዋሳቸው ገለፈት ሲመረመርም፣ ገና መድኃኒት ባልጀመሩት ላይ ጭምር፣ አራኪዶኒክና ዲ.ኤች.ኤ. በአማካይ ዝቅ ብለው ታይተዋል።

በአማካይ ማለታችንን አትለፉት። ብዙ ሕሙማን ከጤነኛው አይለዩም፤ ብዙ ጤነኞችም ዝቅተኛ መጠን አላቸው። ትምባሆ ማጨስም፣ የሚበሉት ምግብም ልኩን ያዛባል። በዓመት ወደ 180 ቀን በሚጾምበት አገር የአውሮፓን ልክ አምጥቶ «ይኸው ጎደለህ» ማለትማ ጭራሽ አያስኬድም።

ጎደለ የተባለውን መሙላት ያድናል ወይ? የሚለው ግን የሚመለሰው በሙከራ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የቪየና ጥናት ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ገና ያልታመሙ፣ ግን የሕመሙ ዋዜማ ምልክት የታየባቸውን 81 ወጣቶች ለሁለት ከፍለው ለ12 ሳምንት ለግማሾቹ የዓሣ ዘይት፣ ለሌሎቹ ባዶ እንክብል ሰጧቸው። በዓመቱ ከዘይት ወሳጆቹ 41 መካከል የታመሙት 2 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 40 ግን 11 ነበሩ። ይህን የሰማ ሰው በግ ቢሸጥ አይፈረድበትም! ዳሩ ግን ይኸው ሙከራ በበርካታ አገሮች 304 ወጣቶች ላይ ተደገመና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ ዘይት የወሰዱትም ያልወሰዱትም በዓመት ውስጥ የታመሙት እኩል፣ ከመቶ 11 ገደማ ሆኑ። ሕመሙ በያዛቸው ሰዎች ላይም ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ አሜሪካ ውስጥ በ87 ሕሙማን ላይ በቀን 3 ግራም ኢ.ፒ.ኤ. ለ16 ሳምንት ተሞክሮ ከባዶው እንክብል አልበለጠም። አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ጥቂት ጥቅም አግኝተናል ብለዋል፤ አብዛኞቹም ቢሆኑ ዘይቱን የሰጡት ከመድኃኒቱ ጋር ጨምረው እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም።

ይህቺ «በፈንታው» የምትለዋ ነገር ናት የዲማውን ልጅ የጎዳችው። መርፌው የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክተኛ በማገድ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ተመልሶበታልም። ወደ ጠበል የሚሄድ ቤተሰብም ቢሆን እየተጠመቀ መድኃኒቱን መውሰድ ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

መድኃኒቱ እንከን የለበትም አንልም። አንዳንዱ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ሌላው፣ በተለይ ኦላንዛፒን የሚባለው፣ ክብደት ያስጨምራል፣ የደም ቅባትንም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የሕሙማን ቅባት ጉዳይ ሐኪምን ሊያሳስበው ይገባል፤ ግን ዘመድየው ባሰበው በኩል አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ከዚህም የባሰ አለ። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለ10 ዓመት ሲከታተሏቸው፣ የሞቱት ሊኖሩ ከሚገባቸው ዕድሜ በአማካይ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። የሚያስታምም ጠፍቶ፣ ምግብ አንሶ፣ ክሊኒክ የሚወስድ ታጥቶ ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች የተልባ ፍትፍት ቢቀርብላቸው እሰየው፤ ለምግብነቱ።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት ከመካከላችን ሁለቱ በቅዳሜ ገበያ ወደ ዲማ ወጥተው አባትየውን አገኟቸውና ያነበብነውን ሁሉ ነገሯቸው። አባትየው ዝም ብለው ሰሙና፣ «እንግዲያው መርፌውን ከነገ ወዲያ ላስጀምረው፤ እንክብሉስ ግማሹ ቀርቷል፣ ምን ላድርገው?» አሉ። ሐኪሙን አሳይተው ካልከለከለ ከመርፌው ጋር ሊጨርሰው ይችላል አልናቸው። «ይሁን» አሉ፤ ቀጥለውም፣ «በጉ ግን የሰባ ነበር።»