ተጠብቆ የኖረ አውቶሞቢል ሲሸጥ

ንብረቱን ወደ ገበያ የሚያወጣ ሰው ሁሉ አዲስ መስሎ እንዲታይለት ይመኛል። ለብዙ ዘመን በአንድ ቤት ተጠብቆ የኖረ አውቶሞቢል ግን ከዚህ ልማድ የተለየ ነው፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው አዲስ መምሰሉ ሳይሆን እንደ ነበረ መቆየቱ ነውና። ለዚህ ምስክር የሚሆን በአሜሪካ አገር የተፈጸመ አንድ ታሪክ አለ፤ ዓመታቱ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎርድ የሠራት አንዲት አረንጓዴ ሙስታንግ፥ ስቲቭ ማክዊን በተጫወተበት «ቡሊት» በተባለው የ1968 ፊልም ታይታ ነበር። በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ አባወራ በ6,000 ዶላር ገዛት። ሚስቱም መምህርት ነበረችና ወደ ትምህርት ቤት ትመላለስባት ነበር። በ1977 ማክዊን ራሱ ይገዛት ዘንድ በደብዳቤ ጠየቀ፤ አባወራው አልሸጠም፤ ደብዳቤው ግን በቤቱ ተቀመጠ። በ1980 ፍሪሲዮኗ ስለ ተበላሸ ቆመች።

አባት በ2014 ዐረፈ። ከዚያም ልጁ ሞተሯ እንዲሠራ አደረገ እንጂ የውጭ ቆርቆሮዋን አላሳደሰም፤ ዝገቱንና ለፊልም ማንሻው መሣሪያ ተብሎ የተበየደውን ብረት እንኳ እንዳለ ተወው። በጃንዋሪ 2020 በፍሎሪዳ፥ በኪሲሚ ከተማ፥ በጨረታ 3,400,000 ዶላር አወጣች፤ የአጫራቹ ክፍያ ሲጨመር 3,740,000 ሆነ።

እርግጥ ነው፥ ይህን ያህል ዋጋ የሰጣት የፊልሙ ዝና ነው። ነገር ግን በ1966 አንድ ሚሊዮንኛዋ ሙስታንግ ተሠርታ ነበር፤ ከእነዚያ ሁሉ መካከል ይህች እውነተኛዋ መሆኗን ያስረዱት ቁጥሯ፥ ጠባሳዋና ወረቀቷ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አውቶሞቢል ለመሸጥ ያሰበ ሰው ቀለም ለመቀባት አይቸኩል፤ የመጀመሪያው ቀለም አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። የግዢውንና የጥገናውን ደረሰኝ፥ የቆየውንም ፎቶግራፍ ይሰብስብ። በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር መስማማቱን ይመርምር። ዋጋውንም በዝነኛ መኪና ሳይሆን በዓይነቷና በይዞታዋ በምትመስላት ይገምት። ዝገት ካለ፥ የተለወጠም ዕቃ ካለ፥ ገዢው ሳይጠይቅ ይንገረው። የተሸሸገ ጉድለት ሲገለጥ እውነተኛውን ነገር ሁሉ ያስጠረጥራል፤ ወላጆች በብዙ ዓመት ጥንቃቄ ያቆዩት ንብረትም በአንድ ቀን ሐሰት ዋጋውን ያጣል።